እንግዴ ልጅን የሚጠብቅ ክትትል፦ የአንድ ጤና ጣቢያ የነፍሰ ጡር አገልግሎት ግምገማ

ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ ከሚገኙት የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ ስለሚሰጠው የቅድመ ወሊድ ክትትል፣ የማዋለድና የድኅረ ወሊድ አገልግሎት የቀረበ ግምገማ ነው። ሁለተኛ ልጄን ከመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ሳምንታት አንሥቶ ከወሊድ በኋላ ስድስተኛው ሳምንት እስኪሞላ ድረስ የተከታተልኩት በዚሁ ጤና ጣቢያ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ልጄን በግል ክሊኒክ ስለ ወለድኩ ሁለቱን ለማነጻጸር ዕድል አግኝቻለሁ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ስለዚህም አገልግሎቱን የመዘንኩት በወረፋው ርዝመትና በክፍሎቹ ንጽሕና ብቻ ሳይሆን፣ እርግዝናን ተሸክሞ ለሚያደርሰው አካል፣ ለእንግዴ ልጅ፣ ምን ያህል ጥንቃቄ ያደርጋል በሚል ጥያቄ ነው።

ይህን መለኪያ የመረጥኩበት ምክንያት ግልጽ ነው። በእርግዝና ሁለተኛ አጋማሽና በወሊድ ጊዜ እናትንና ልጅን ለአደጋ ከሚያጋልጡት ችግሮች ብዙዎቹ፣ ማለትም የእርግዝና ደም ግፊት፣ የጽንስ እድገት መቀጨጭ፣ ከወሊድ በፊትና በኋላ የሚከሰት ከባድ የደም መፍሰስ፣ በአንድም በሌላም መንገድ ከእንግዴ ልጅ አሠራር፣ አቀማመጥ ወይም አወጣጥ ጋር የተያያዙ ናቸው። ይህ ሆኖ ሳለ ነፍሰ ጡር ሴት ስለ ጽንሱ ልብ ምት፣ ስለ ጾታውና ስለ ክብደቱ ትጠይቃለች እንጂ ስለ እንግዴ ልጅ የምትጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ጤና ጣቢያው ይህን አካል በመጠበቅ ረገድ ከጠበቅሁት በላይ ጥሩ ነው፤ ለእናቶች በማስረዳት ረገድ ግን ደካማ ነው፤ ይህ ድካሙም የጥበቃውን ፍሬ ይቀንስበታል።

የተዳቀለው እንቁላል ማኅፀን ደርሶ ግድግዳው ላይ የሚጣበቀው ከተዳቀለ ከ6 እስከ 10 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ ሴሎቹ ሥራ ተከፋፍለዋል፤ ከውስጥ ያሉት ጽንሱን፣ ከውጪ ያሉት እንግዴ ልጅን ለመሥራት ተሰልፈዋል። እንግዲህ እንግዴ ልጅ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ከእናት ሥጋ የተቆረሰ አካል አይደለም፤ በአብዛኛው የልጁ አካል ነው፤ የአባቱንም ዘረ መል ይዟል፤ ከእናት በኩል ያለው ድርሻ የማኅፀኑ ውስጠኛ ሽፋን ብቻ ነው። የውጪዎቹ ሴሎች እርስ በርሳቸው ተዋሕደው ድንበር የሌለው አንድ ወጥ ሽፋን ይሆናሉ። ይህን ውሕደት የሚያስችለው ሲንሲቲን የተባለው ፕሮቲን በሚሊዮኖች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት በቀደምቶቻችን ዘረ መል ውስጥ ከገባ ቫይረስ የተወረሰ መሆኑ በ2000 እ.ኤ.አ. ታውቋል። ይህን ለተማሪዎቼ ባስረዳሁ ቁጥር ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ሊደነቅም የሚገባው ነገር ነው።

ያ ወጥ ሽፋን ከሚያመነጫቸው የመጀመሪያ መልእክቶች አንዱ ኤች ሲ ጂ የሚባለው ሆርሞን ነው። በላቦራቶሪ መስኮት የሽንት ናሙና ሰጥተን «እርጉዝ ነሽ» የሚል ውጤት ስንቀበል የሚታየው ይኸው ሆርሞን ነው፤ ከልጁ በፊት ስለ ራሱ መኖር የሚናገረው እንግዴ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ሆርሞኑ በእንቁላል ማምረቻ ውስጥ ያለው ቢጫ አካል (እንቁላሉ ከወጣ በኋላ የሚቀረው) እርግዝናውን የሚያጸናውን ፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን ማመንጨቱን እንዳያቋርጥ ያደርጋል፤ ከ7ኛው እስከ 10ኛው ሳምንት ባለው ጊዜም እንግዴ ልጅ ሥራውን ተረክቦ ፕሮጄስትሮኑን ራሱ ማምረት ይጀምራል። የእናት ደም ደግሞ እስከ 10ኛው ሳምንት ገደማ ወደ እንግዴ ልጅ በነጻነት አይፈስስም፤ የእንግዴ ልጅ ሴሎች የደም ሥሮቹን አፍ ደፍነው ይቆያሉ፤ ጽንሱም በዚያ ወቅት ከማኅፀን እጢዎች በሚመነጭ ምግብ ያድጋል። የመሠረት ሥራው የሚከናወነው እንግዲህ ብዙዎቻችን ገና ለመመርመር ሳንወስን በፊት ነው።

ስለዚህ የማንኛውም የቅድመ ወሊድ አገልግሎት የመጀመሪያው ፈተና እናቶችን ከ12ኛው ሳምንት በፊት መቀበል መቻሉ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ነፍሰ ጡር ሴት ቢያንስ ስምንት ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋር እንድትገናኝ፣ የመጀመሪያውም ግንኙነት ከ12 ሳምንት በፊት እንዲሆን ይመክራል። እኔ በዘጠነኛው ሳምንት ስሄድ «ገና ነው፤ ሆድሽ ሲገፋ ተመለሺ» ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ይህን የምለው እንዲህ ተብለው የተመለሱ ሴቶችን ከሌላ ቦታ ስለማውቅ ነው። በዚያው ቀን ካርድ ወጣልኝ፤ ክብደቴ፣ የክንዴ ዙሪያና የደም ግፊቴ ተለካ፤ የደም ዓይነት፣ የሄሞግሎቢን፣ የኤች አይ ቪ፣ የቂጥኝና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ታዘዘልኝ። ሁሉም ያለ ክፍያ ነበር፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የእናቶች አገልግሎት በነጻ እንዲሰጥ የተወሰነ በመሆኑ ነው። በወረፋው ላይ ካነጋገርኳቸው ሴቶች ግን አብዛኞቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡት አራተኛና አምስተኛ ወራቸውን ይዘው ነው፤ ለምን በጊዜ እንዳልመጡ ስጠይቃቸውም መልሳቸው ተመሳሳይ ነው፦ «ምኑ ይታያል ብዬ ነው።» በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምን እየተሠራ እንደሆነ የነገራቸው ሰው የለም።

አሁን ወደ አገልግሎቱ ምርጥ ክፍል እመጣለሁ፤ እርሱም የደም ግፊት መለኪያውና የሽንት ብልቃጡ ነው። ሰው ሁሉ የሚጓጓው ለአልትራሳውንድ ቢሆንም፣ የእንግዴ ልጅን ጤና በተመለከተ ከእነዚህ ሁለት ርካሽ ዕቃዎች የበለጠ ውለታ የሚውል መሣሪያ በጤና ጣቢያው ውስጥ አላየሁም።

ምክንያቱን ለማስረዳት ትንሽ ወደ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ወደ ማኅፀን ግድግዳ ደም የሚያደርሱት ጠመዝማዛ የደም ቅዳ ሥሮች ከእርግዝና በፊት ቀጫጭንና ጡንቻማ ናቸው፤ አካል ሲያዝዛቸው ይጠብባሉ፣ ይሰፋሉ። በእርግዝናው የመጀመሪያ አጋማሽ ከእንግዴ ልጅ የሚነሡ ሴሎች ወደነዚህ ሥሮች ዘልቀው ገብተው የጡንቻውን ግድግዳ ያፈርሱትና አዲስ ሰፊ አፍ ያበጁለታል። አንድ ገበሬ ጠባቡን የመስኖ ቦይ ጠርጎና አስፍቶ ውሃው ማሳውን ሳይሸረሽር በዝግታ እንዲጠጣ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ የሰፉት ሥሮችም ደሙን በብዛት፣ ነገር ግን በለዘብተኛ ግፊት ወደ እንግዴ ልጅ ያደርሳሉ። በእርግዝናው ማብቂያ በዚህ መንገድ በየደቂቃው ከግማሽ ሊትር በላይ የእናት ደም ወደ ማኅፀን ይፈስሳል። ይህ የማስፋት ሥራ ጎዶሎ ሆኖ ሲቀር ሥሮቹ ጠባብ እንደሆኑ ይቆያሉ፤ ደሙ በኃይል እየተወረወረ ስሱን የእንግዴ ልጅ ቅርንጫፍ ይጎዳል፤ የሚደርሰው ኦክስጅንም ያንሳል። የተቸገረው እንግዴ ልጅ ወደ እናት ደም የሚለቃቸው ንጥረ ነገሮች ደግሞ በመላ አካሏ ያሉትን የደም ሥሮች ውስጠኛ ሽፋን ያውካሉ። ከነዚህ ዋነኛው ኤስ ኤፍ ኤል ቲ 1 የተባለው ፕሮቲን እንደሆነ የአናንት ካሩማንቺ የምርምር ቡድን በ2003 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። ውጤቱ ፕሪኤክላምፕሲያ ነው፦ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ የሚደርስ የደም ግፊት፣ አብዛኛውን ጊዜም በሽንት ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን፤ ሲከፋ ደግሞ እናትን የሚያንቀጠቅጥና ለሞት የሚያደርስ ሕመም። የሕመሙ መነሻ እንግዴ ልጅ ስለሆነ፣ ቁርጥ ያለው መፍትሔ እንግዴ ልጅ ከማኅፀን መውጣቱ ነው፤ እስከዚያው ሐኪሞች በመድኃኒት ጊዜ ይገዛሉ።

እናት ብዙ ጊዜ ምንም ሳይሰማት የሚጀምረውን ይህን ሕመም ቀድሞ የሚያሳየው ክንድ ላይ የሚታሰረው ጨርቅና ሽንት ውስጥ የሚነከረው ትንሽ ወረቀት ነው። በዚህ ጤና ጣቢያ በሄድኩ ቁጥር ሁለቱም ተሠርተውልኛል፤ አንድም ጊዜ አልታለፉም። ከዚህም በላይ ያደነቅሁት የአለካኩን ሥነ ሥርዓት ነው። አንድ ቀን ዳገቱን በእግሬ ወጥቼ፣ ላቤ ሳይደርቅ ስለካ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሲስተር ካርዱ ላይ ለመጻፍ አልቸኮለችም፤ «እህቴ፣ እዚያ ወንበር ላይ ደገፍ ብለሽ አረፍ በይ፤ እግርሽን አታነባብሪ፤ ቆይቼ ደግሜ እለካሻለሁ» አለችኝ። ሁለተኛው ልኬት ትክክለኛ ሆኖ ሲገኝ ሁለቱንም ቁጥሮች መዘገበች። ለመጀመሪያ ልጄ ክትትል ያደረግሁበት የግል ክሊኒክ ባለ ቀለም ሥዕል በየጊዜው ያስይዘኝ ነበር፤ የደም ግፊቴን ግን ያለካበት ቀን ብዙ ነው። አሁን ሳስበው የትኛው እንደሚበልጥ አልጠራጠርም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ጉድለት አለ። ለፕሪኤክላምፕሲያ ከፍ ያለ ተጋላጭነት ላላቸው ሴቶች፣ ማለትም ቀድሞ ሕመሙ ለነበረባቸው፣ የቆየ የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ላለባቸው፣ መንታ ላረገዙ፣ በየቀኑ የሚወሰድ አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን በሐኪም ትእዛዝ ከ12ኛው ሳምንት በኋላ ቢጀመር ሕመሙ የመከሰት ዕድሉን እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። በምግባቸው ካልሲየም ለሚያንሳቸው ሴቶችም የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ1.5 እስከ 2 ግራም ካልሲየም ይመክራል። በመጀመሪያው ቀን ስለ ቀድሞ እርግዝናዬ በዝርዝር ተጠይቄአለሁ፤ ይህ መልካም ነው። ካልሲየም ግን በመድኃኒት ቤቱ አልነበረም፤ ስለ አስፕሪንም እኔ እስክጠይቅ ድረስ የተነሣ ነገር አልነበረም። ለእኔ እንደማያስፈልገኝ በአግባቡ ተብራርቶልኛል፤ የሚያስፈልጋት እናት ግን መጠየቅ እንዳለባት በምን ታውቃለች?

አልትራሳውንድ በጤና ጣቢያው ውስጥ አለ፤ የምታነሣውም ለዚሁ የሠለጠነች ሚድዋይፍ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ እንዲነሣ የሚመክረው የእርግዝናውን ዕድሜ በትክክል ለማወቅ፣ መንታ እንደሆነ ለመለየትና ግልጽ የአፈጣጠር ችግሮችን ለማየት ነው፤ በዚያው አጋጣሚ እንግዴ ልጅ የት እንደተቀመጠ ይታያል። የእኔ የተነሣው በ20ኛው ሳምንት ነበር። ሚድዋይፏ ጥንቁቅ ናት፤ የጽንሱን ጭንቅላትና የጭን አጥንት ለካች፤ የልብ ምቱን አሰማችኝ፤ የእንግዴ ልጁንም ዳር እስከ ማኅፀን አፍ ድረስ ተከትላ አየች። የጎደለው ንግግር ነው። የተሰጠኝ ወረቀት በእንግሊዝኛ የተሞላ ሲሆን፣ በቃል የተነገረኝ «ልጁ ደህና ነው» የሚል ብቻ ነበር።

የዚህ ዝምታ ዋጋ ከክፍሉ ውጪ ይታያል። ልጃቸውን ይዘው የመጡ አንዲት እናት ወረቀቱን ወደ እኔ ዘርግተው፣ «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ትመስያለሽ፤ እንግዴ ልጁ ታች ነው አሏት፤ ልጁ ሊወርድባት ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ልጅቱ ታለቅስ ነበር። «እማማ፣ አይስጉ» አልኳቸው፤ «በዚህ ጊዜ ዝቅ ብሎ የሚታየው አብዛኛው ማኅፀኑ እያደገ ሲሄድ ከአፉ ይርቃል። ሰባተኛና ስምንተኛ ወሯ ላይ ደግማ ትታይ። ደም ካየች ግን፣ ምንም ባያማትም፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ይዘዋት ይምጡ።» ይህን መናገር የነበረበት ወረቀቱን የሰጠው ክፍል ነው። እስከ መጨረሻው የማኅፀንን አፍ ሸፍኖ የሚቀር እንግዴ ልጅ የሚያጋጥመው በግምት ከ200 ወሊድ በአንዱ ነው፤ ለእነዚያ ሴቶች ግን ቀድሞ ማወቅ ማለት ምጥ ሳይጀምር ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል መድረስ ማለት ነው። በተለይ ቀድሞ በቀዶ ሕክምና የወለደች ሴት እንግዴ ልጇ ዝቅ ብሎ በድሮው ጠባሳ ላይ ከተቀመጠ፣ ወደ ማኅፀኑ ጡንቻ ሰርጎ የመግባት ዕድሉ ከፍ ስለሚል፣ ጤና ጣቢያው እንዲህ ያለችውን በጊዜ ሪፈር ማድረግ አለበት። በዚህ በኩል ባለሙያዎቹ ንቁ እንደሆኑ አይቻለሁ፤ ቀድሞ በቀዶ ሕክምና መውለዷን የነገረቻቸውን አንዲት ሴት የአልትራሳውንዷን ውጤት እንደያዘች በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ልከዋታል።

መድኃኒት ቤቱ 60 ሚሊ ግራም አይረንና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ የያዘውን እንክብል ሳያቋርጥ ሰጥቶኛል። እዚህ ላይ የምክር አገልግሎቱን ሳላመሰግን አላልፍም። እንክብሉን ከቡናና ከሻይ ጋር እንዳንወስድ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት እንድናራርቅ፣ ብርቱካን ወይም ሎሚ ብንጨምርበት እንደሚሻል፣ ሰገራ ቢያጠቁር እንዳንደነግጥ በግልጽ አማርኛ ተነግሮናል። በቀን ሦስት ጊዜ ቡና በሚፈላበት ቤት ይህ ምክር ከእንክብሉ እኩል ዋጋ አለው። ለምን የሚለው ግን አሁንም ተዘሏል። እንግዴ ልጅ በላዩ ላይ ባሉት መቀበያዎች ከእናት ደም አይረንን እየለቀመ ለልጁ ያሳልፋል፤ የእናት ክምችት አነስተኛ ሲሆን እንኳ ለልጁ መውሰዱን ይቀጥላልና ድካሙና የደም ማነሱ መጀመሪያ የሚወድቀው በእርሷ ላይ ነው። ሄሞግሎቢኔ ሲነገረኝ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ መሆኗ ታስቦ እንደሆነ ጠይቄ ነበር፤ በከፍታ ቦታ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢኑ ከፍ ስለሚል የደም ማነስ መለያው ቁጥር መስተካከል አለበት። የላቦራቶሪ ባለሙያው ጥያቄውን በትዕግሥት ተቀብሎ የማስተካከያ ሰንጠረዡን አሳየኝ፤ እንዲህ ያለ ትጋት በግል ክሊኒኩም አላጋጠመኝም።

እናቶች በጣም የሚሳሳቱበት ነገር የእናትና የልጅ ደም እንደሚቀላቀል ማሰባቸው ነው። ሁለቱ በመደበኛው ሁኔታ አይቀላቀሉም። የልጁ ደም በእትብቱ በኩል ወደ እንግዴ ልጅ መጥቶ ጣት በሚመስሉ እጅግ ብዙ ቅርንጫፎች ውስጥ ይዘዋወራል፤ የእናት ደም ደግሞ እነዚህን ቅርንጫፎች ከውጪ ያጥባቸዋል። የቅርንጫፎቹ ጠቅላላ ገጽ በእርግዝናው መጨረሻ ከ10 ካሬ ሜትር በላይ ይደርሳል፤ በመካከል ያለው ሽፋንም ከፀጉር በእጅጉ የሳሳ ነው። ኦክስጅን በዚያ ሽፋን ዘልቆ ይሻገራል፤ ስኳር በተሸካሚ ፕሮቲኖች ይተላለፋል፤ የፕሮቲን መሥሪያ የሆኑት አሚኖ አሲዶች ደግሞ ጉልበት እየፈሰሰባቸው ይጓጓዛሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ዩሪያ በተቃራኒው ወደ እናት ይመለሳሉ። ለበሽታ መከላከያ የሚሆኑት አይ ጂ ጂ የተባሉት ፀረ እንግዳ አካላት ለብቻ በተዘጋጀላቸው መንገድ፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት፣ በብዛት ይሻገራሉ። ክንዳችን ላይ የሚወጋን የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሕፃኑን ከተወለደ በኋላ የሚጠብቀው በዚህ መንገድ ነው። በክትባት ክፍሉ «ለልጅሽ ነው» ይባላል፤ እውነትም ነው፤ እንዴት ወደ ልጁ እንደሚደርስ ቢነገራቸው ክትባቱን በጥርጣሬ የሚሸሹት ሴቶች ይቀንሱ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ይህ ሽፋን ሁሉን የሚያጣራ አጥር ግን አይደለም። አልኮል፣ ኒኮቲንና ብዙ መድኃኒቶች ያልፉታል፤ የቂጥኝ ተሕዋስም ያልፈዋል። በወባማ አካባቢ ለሚኖሩ ደግሞ ሌላ ሥጋት አለ፤ የወባ ተሕዋስ ያለባቸው ቀይ የደም ሴሎች በእንግዴ ልጅ ውስጥ ተጣብቀው እየተከማቹ የልጁን ክብደት ይቀንሳሉ። ጤና ጣቢያው ወደ ቆላ ለሥራ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ለሚጓዙ ነፍሰ ጡሮች የአልጋ አጎበር እንዲጠቀሙ ሲመክር ሰምቻለሁ። ስለ አልኮል የሚሰጠው ምክር ግን «መጠጥ አትጠጪ» በሚል ብቻ ያበቃል፤ ጠላና ጠጅ እንደ መጠጥ የማይቆጠሩበት ቤት ስንት ነው! ስማቸው ተጠርቶ መነገር ነበረበት።

የስኳር ምርመራ ሌላው ደካማ ጎን ነው። እንግዴ ልጅ ለልጁ በቂ ስኳር እንዲቀር ለማድረግ የእናት አካል ለኢንሱሊን የሚሰጠውን ምላሽ የሚያዳክሙ ሆርሞኖች ያመነጫል፤ የእናት ቆሽት ይህን መቋቋም ሲያቅተው የእርግዝና ስኳር ይከሰታል። ይህን ለመለየት ተገቢው ጊዜ ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ሲሆን፣ ተገቢው ምርመራም የደም ስኳር ነው። ለእኔ የተሠራው የሽንት ስኳር ብቻ ነበር፤ የደሙን በውጪ ላቦራቶሪ በራሴ ወጪ አሠራሁት። የመመርመሪያ ኬሚካል ማለቁ ተነግሮኛል።

በማዋለጃ ክፍሉ ያየሁት ግን ከልብ የሚያስመሰግን ነው። ልጄ እንደተወለደ ሆዴ ላይ ተደርጎ ተሸፈነ፤ ሁለተኛ ልጅ አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ ወዲያው ጭኔ ላይ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ተወጋሁ፤ እትብቱ ግን ወዲያው አልተቆረጠም። አዋላጇ እትብቱን በጣቷ እየዳሰሰች መምታቱን እስኪያቆም ጠበቀች። ከ1 እስከ 3 ደቂቃ የሚደረገው ይህ ጥበቃ በእንግዴ ልጅ ውስጥ የቀረው ደም ወደ ሕፃኑ እንዲሻገር ያደርጋል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከደም ማነስ የሚጠብቀውን አይረንም ይጨምርለታል። ከዚያ ማኅፀኔን በአንድ እጇ ደግፋ፣ በሌላው እትብቱን በዝግታ እየሳበች እንግዴ ልጁን አወጣች። የማኅፀን ጡንቻ ሲኮማተር እንግዴ ልጁ የተጣበቀባቸውን የደም ሥሮች አፍ ስለሚያንቅ፣ በዚህ ሰዓት የሚደረግ ትክክለኛ ሥራ የእናትን ሕይወት የሚወስነው ነው፤ ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የደም መፍሰስ በዓለም ላይ ለእናቶች ሞት ቀዳሚ ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ ነው።

አዋላጇ ሥራዋን በዚህ አልጨረሰችም። እንግዴ ልጁን በሳሕን ላይ ዘርግታ ሁለቱንም ገጽ በብርሃን መረመረች፤ በእናት በኩል ያለው ገጽ ክፍልፋዮቹ እርስ በርሳቸው መግጠማቸውን፣ ሽፋኑ ሙሉ መሆኑን፣ እትብቱ ሁለት ደም ቅዳና አንድ ደም መልስ መያዙን አየች። ቁራጭ በማኅፀን ውስጥ ቢቀር ደም መፍሰስና መመረዝ ሊያስከትል ስለሚችል ይህ ምርመራ የግድ ነው። ማየት እንደምፈልግ ስነግራት ደስ ብሏት አቀረበችልኝና «ተመልከቺው እህቴ፤ ሙሉ ነው፤ የቀረ የለም» አለችኝ። ግማሽ ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ከሁለት ጣት ያልበለጠ ውፍረት ያለው፣ በልጁ በኩል የሚያብረቀርቅ፣ የደም ሥሮቹ ከእትብቱ ሥር እንደ ተከፈቱ ቅርንጫፎች የተዘረጉበት አካል ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ ለልጁ ሳንባ፣ ኩላሊት፣ አንጀትና እጢ ሆኖ ያገለገለውን አካል በዓይኔ በማየቴ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፤ ባለሙያዎቹንም።

አንድ ነገር ግን ሊታሰብበት ይገባል። እንግዴ ልጁ ከተመረመረ በኋላ በግቢው ውስጥ ወዳለው ለዚሁ ወደተዘጋጀ ጉድጓድ ይወሰዳል፤ ከንጽሕና አንጻር ተገቢ ነው። ነገር ግን በአገራችን ብዙ ቤተሰብ እንግዴ ልጅን በክብር መቅበርን የወሊዱ ሥርዓት አካል አድርጎ ይቆጥረዋል፤ አማቴም በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ማንም አልጠየቀንም። ቤተሰብ ከፈለገ በደንብ ታሽጎ፣ ስለ አያያዙ ተነግሮት ቢሰጠው፣ ካልፈለገም ወዴት እንደሚሄድ ቢነገረው፣ ቤቷ መውለድን ከምትመርጥ ሴት አንድ ምክንያት ይነሣ ነበር። ገንፎውና ቡናው ግን ነበሩ፤ አማቴን ያጽናናቸውም እርሱ ነው።

ስለ ወረፋው፦ ሰኞ ጠዋት ከባድ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ይቀላል። የመመርመሪያ ክፍሉ መጋረጃ አጭር በመሆኑ ሌላ ሰው ሲገባ ምቾት ይነሣል። መጸዳጃ ቤቱ ለሽንት ናሙና በሚፈለገው መጠን ንጹሕ አይደለም።

ኃላፊዎቹን የምጠይቃቸው ገንዘብ የማይፈልግ ነገር ነው። በመጠባበቂያው አዳራሽ በየጠዋቱ የጤና ትምህርት ይሰጣል፤ ርእሶቹ አመጋገብ፣ የቤተሰብ ዕቅድና ጡት ማጥባት ናቸው። ከሳምንቱ አንዱ ቀን ለእንግዴ ልጅ ይሰጥ። ግፊት ለምን በየጊዜው እንደሚለካ፣ ሽንት ለምን እንደሚታይ፣ «ታች ነው» ማለት ምን እንደሆነ የሰማች ሴት ቀጠሮዋን አትዘልም፤ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከልብ ሥር የሚሰማ ሕመም፣ ደም መታየት ወይም የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ ሲያጋጥማት እስከ ቀጠሮዋ አትጠብቅም። ባለሙያዎቹ ዕውቀቱ አላቸው፤ ስጠይቃቸው አንዱም ሳይመልስልኝ አልቀረም።

የድኅረ ወሊድ ክትትሉን ብዙ ሴቶች ይተውታል፤ እኔም ከወረፋ ጎረቤቶቼ ጥቂቶቹን ብቻ ነው ደግሜ ያገኘኋቸው። ፕሪኤክላምፕሲያ ግን እንግዴ ልጅ ከወጣ በኋላም፣ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ድረስ፣ ሊከሰት ወይም ሊባባስ ይችላል። ጤና ጣቢያው ከወሊድ በኋላ 24 ሰዓት አቆይቶ፣ ከዚያም በሦስተኛው ቀን፣ በሁለተኛው ሳምንትና በስድስተኛው ሳምንት ቀጥሮ የእናትን ግፊት ይለካል፤ የደም መፍሰሱንና የማኅፀኑን መመለስ ያያል፤ ሕፃኑንም ይመዝናል። ለዚህ አዲስ ካርድ ማውጣት አያስፈልግም፤ የክትትል ደብተሩን ይዞ በቀጥታ ወደ እናቶችና ሕፃናት ክፍል መሄድ ይበቃል፤ አራስ የያዘች እናትም ወረፋ አትጠብቅም።